ደንገጎ ዳገት ላይ ነዳጅ የሚያጥራት ስባሩ፦ ፓምፕ ልቀይር ወይስ ኢንጀክተር?

ከዚራ ቱርቦ፦

ሰላም ጎበዝ፣ እንዴት ናችሁ? የድሬ ልጅ ነኝ። 2004 ሞዴል ስባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊውአርኤክስ አለችኝ። የአሜሪካ መኪና ነች፤ 2.0 ሊትር ቱርቦ፣ ከፋብሪካ ስትወጣ 227 ፈረስ ጉልበት የነበራት። ቱርቦዋን ወደ ቪኤፍ39 ቀይሬዋለሁ። ማርሚታዋም ከቱርቦው ጀምሮ እስከ ኋላ ድረስ ሰፊው ነው የተገጠመላት። ቡስቷ (ቱርቦው የሚገፋው የአየር ግፊት) 1.1 ባር ላይ ነው። የነዳጅ መስመሯን ግን ማንም አልነካውም። ፓምፑም፣ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኢንጀክተሩም አብሯት የመጣው ነው።

ከተማ ውስጥ ምንም አትልም። መልካ ጀብዱ መንገድ ላይም ትበራለች። ጉዱ የሚመጣው ወደ ሐረር ስወጣ ነው። ደንገጎ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ስረግጣት እስከ 4500 አርፒኤም ድረስ ልብ ታጠፋለች። ከዚያ ትንገጫገጭና ጉልበቷ ጥፍት ይላል። የአየርና የነዳጁን ምጣኔ የሚለካ ዋይድባንድ ጌጅ አለኝ (ቁጥሩ ሲወጣ ነዳጅ አነሰ ማለት ነው)፤ 11.3 ላይ የነበረው ወደ 13 ይወጣል፣ አንዳንዴም ያልፈዋል። ቼክ ኢንጂን ሲበራ አስነበብኩት፤ ፒ0171 ነው፣ ነዳጅ አነሰ የሚለው ኮድ። ባለፈው አወዳይ ጫት ሊጭን ባዶውን የሚወጣ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈኝ። ከሁሉ ያንገበገበኝ እሱ ነው።

ፍላጎቴ 300 ፈረስ ነው፤ ከዚያ በላይ አልመኝም። ዱባይ ያለ ጓደኛዬ ሁለት ዕቃ አግኝቶልኛል፤ በሰዓት 450 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕና በደቂቃ 1000 ሲሲ የሚረጭ ኢንጀክተር። ሁለቱን ባንዴ መግዛት አልችልም። የቱን ላስቀድም? ባለ ጋራዡ ጋሽ ሰርባቶዮ ካሉ እሳቸው ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ቀፊራ፦

አቦ ሽጣትና ኤሌክትሪክ ግዛ! የማደያ ሰልፍ የለ፣ ኢንጀክተር የለ፣ ደንገጎንም በዝምታ ነው የምትወጣው።

ከዚራ ቱርቦ፦

ሽጬ? ከ2016 ወዲህ እኮ የቤንዚን አውቶሞቢል አይገባም። ይቺ ከእጄ ከወጣች ሌላ ቱርቦ ከየት አመጣለሁ?

ሰርባቶዮ፦

አለሁ፣ አለሁ። መጀመሪያ ግን የድሬ ልጅ ሆነህ «እሳቸው ቢመልሱልኝ» ምን የሚሉት ነው? አንተ በለኝ ባክህ። ሳታስረጀኝ እናውራ።

ሁለተኛ፣ ቡስቱን ዛሬውኑ አውርደው። 0.7 ላይ አድርገውና እዚያው ይቆይ። ቡስት ላይ ሆኖ 13 ማየት ቀልድ አይደለም። የስባሩ ኢጄ ሞተር ነዳጅ ሲያንሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው አራተኛው ሲሊንደር ነው። ሞተሩ ኖክ ያደርጋል (ነዳጁ ያለ ጊዜው ይፈነዳል)፣ ፒስተኑ ፋሻው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ያኔ የፓምፕም የኢንጀክተርም ወሬ ያበቃና ሙሉ ሞተር ፍለጋ ትዞራለህ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ገና ምንም አትግዛ። ለጓደኛህም ደውልና ቆይ በለው። መጀመሪያ የነዳጅ ግፊት ጌጅ ፈልግ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህች መኪና ሬጉሌተር (የነዳጁን ግፊት የሚቆጣጠረው) በቀጭን ጎማ አየር ወደ ሞተሩ ከሚገባበት ማኒፎልድ ጋር ተገናኝቷል። ቡስት በጨመረ ቁጥር የነዳጁንም ግፊት በዚያው ልክ ያሳድገዋል። ቀጭኗን ጎማ ነቅለህ፣ አፏን ደፍነህ ሞተሩን ብታስነሳ 3 ባር አካባቢ ማየት አለብህ። 0.7 ባር ቡስት ላይ 3.7 ይሆናል። 1.1 ላይ ደግሞ 4.1። ስትረግጣት ግፊቱ እዚያ ደርሶ ከቆመና ዋይድባንዱ ግን እየወጣ ከሆነ፣ ነዳጁ ደጃፍ ድረስ መጥቷል ማለት ነው፤ የጠበበው ኢንጀክተሩ ነው። ግፊቱ ወጥቶ ተመልሶ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ኢንጀክተሩን እርሳው። የ1000 ሲሲ አይደለም የ2000 ብትገጥም ከኋላ ያልመጣ ነዳጅ አይረጭም። እንዲያውም ይብስበታል።

ጌጁን ከፊልትሮው በኋላ በቲ አስገባው። ጎማውን በኮፈኑ ጠርዝ በኩል አውጣና ጌጁን የዝናብ መጥረጊያው ስር እሰረው። ከውስጥ ሆናችሁ በመስታወቱ ታነባላችሁ። ቤንዚን የያዘ ጎማ ወደ ጋቢና እንዳይገባ፣ ወላሂ በኋላ እንዳንጣላ። ደግሞ ብቻህን አትሂድ። አንተ መንገዱን እይ፣ ጌጁን ጓደኛህ ያንብብ። ደንገጎ መታጠፊያ ላይ ቁጥር እያነበቡ መንዳት አይቻልም።

ግፊቱ ወረደ እንበል፤ በነገርከኝ ምልክት እኔም የምጠረጥረው እሱን ነው። ያኔ ከሚረክሰው ጀምር።

ፊልትሮውን አይተኸው ታውቃለህ? በዚህች መኪና ኮፈኑ ስር ነው ያለው፣ በመሪው በኩል። ከወራት በፊት አንዱ ልክ እንዳንተ «ፓምፕ ቀይርልኝ» ብሎ ቱርቦ መኪና ይዞ መጣ። ፊልትሮውን አወጣሁና በመግቢያው በኩል ነጭ ትሪ ላይ ገለበጥኩት። የወጣው ነገር ቀይ ቡናማ ነበር። ትንሽ ሲቆይ ትሪው ላይ ለሁለት ተለየ፤ ቤንዚኑ ከላይ ተንሳፈፈ፣ ከስር የውሃ ጠብታዎች እንደ ዶቃ ይንከባለላሉ። ፊልትሮው ደርቆ ስከፍተው የወረቀቱ እጥፋት ውስጥ ደቃቅ አሸዋ ተጋግሯል። በጣቴ ስዳብሰው ጥፍሬ ስር ገባ። ባለቤቱን ከየት ነው የምትቀዳው አልኩት። «ከሃይላንድ፤ ሰልፍ አልችልም» አለኝ። መንገድ ዳር በሃይላንድና በጀሪካን የሚሸጠው ማለቱ ነው። ፊልትሮ ቀይረንለት፣ ሰርባቶዮውን (የነዳጅ ታንኩን) አጥበንለት ሄደ። ፓምፑ እስከ ዛሬ ያው ነው።

የሃይላንድ ቤንዚን ሌላም ጣጣ አለው። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ካጋጠመህ ኦክቴኑ (ኖክን የመቋቋም አቅሙ) ይወርዳል። ለባጃጅ ጭስ ነው፤ ለቱርቦ ሞተር ኖክ ነው። እሱን ፓምፕም ኢንጀክተርም አያድነውም። ሰልፉ ያማርራል፣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከማደያ ቅዳ።

ከፊልትሮው ቀጥሎ መብራት። የፓምፑ ክዳን ከኋላ ወንበር ስር ነው። መቀመጫውን አንሳና ሶኬቱ ላይ ቮልት ለካ። ግን አይድል ላይ (ሞተሩ ሳትረግጠው ሲዞር) እንዳትለካ፤ ያሳስትሃል። ይቺ መኪና ፓምፑን የሚቆጣጠር ሳጥን አላት። እንደ ጭነቱ 33፣ 66 ወይም 100 በመቶ ነው የምታሠራው። አይድል ላይ ዝቅተኛ ቮልት ብታይ ሥራዋን እየሠራች ነው። ሽቦህን ረዘም አድርገህ ዳገት ላይ ጭነት ውስጥ ለካ። ባትሪው ላይ 13.8 ኖሮ ፓምፑ ላይ 11 ምናምን ካገኘህ ያረጀ ሽቦና የላላ መሬት (የኔጋቲቭ ሽቦ) ነው ችግርህ። ፓምፕ ቮልት ሲያጣ በጣም ይደክማል። የታወቀው ዎልብሮ 255 እንኳ ከ13.5 ወደ 12 ቮልት ሲወርድ ከሚሰጠው ነዳጅ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ይህን በሪሌ (በትንሽ መብራት ትልቁን መስመር የሚከፍት ማብሪያ) እና በወፍራም ሽቦ ታስተካክለዋለህ።

ለካና ቁጥሩን ይዘህልኝ ና።

ጁገል፦

እኔ ሐረር ነኝ። ከፍታው ነው የሚል ሰው እንዳያሳስትህ ብዬ ነው የገባሁት። ድሬ 1200 ሜትር አካባቢ ናት፣ እኛ 1885። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ለዚያው ቡስት ትንሽ ያነሰ ነዳጅ ነው የሚፈልገው። ቱርቦው ግን ያቺኑ 1.1 ለመስጠት የበለጠ መሽከርከር አለበት፤ የሚያስገባው አየር ይሞቃል። የደንገጎ ችግር ከፍታው ሳይሆን ጭነቱ ነው። ድሬ ሜዳ ላይ ሙሉ ቡስት የምትረግጠው ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ መብራት ወይ ባጃጅ ያቆምሃል። ዳገቱ ላይ ግን ፋታ የለም። የተደበቀ ድክመት ሁሉ እዚያ ይወጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ ስባሩ ሰርባቶዮ መሃሉ ላይ ዘንጉ ስለሚያልፍ በሁለት ጎን የተከፈለ ነው። ፓምፑ ያለው በአንዱ ጎን ነው፣ የሌላኛው ጎን ነዳጅ በራሱ እየተሳበ ነው የሚመጣለት። ጠመዝማዛ ዳገት በትንሽ ነዳጅ አትውጣ። ስትለካ ቢያንስ ግማሽ ይኑርህ፤ ያለዚያ የምታነበው ቁጥር ይቀላቀልብሃል።

ጥያቄም አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ኢ85 ይላል፣ አብዛኛው ኤታኖል የሆነውን ነዳጅ። አልኮል ብንጨምርበትስ?

ሰርባቶዮ፦

ስለ ሰርባቶዮው ልክ ብለሃል፤ ዘልዬው ነበር።

አልኮሉን ተወው። ከፊንጫና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች የሚመጣ ኤታኖል በአንድ ወቅት አዲስ አበባ ቤንዚን ላይ ይቀላቀል ነበር፤ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ ኋላ 10። ያ ከኢ85 ጋር አይገናኝም። ኢ85 ለዚያው ጉልበት በሊትር 30 በመቶ ገደማ የበለጠ ነዳጅ ይፈልጋል። በቤንዚኑም ያጠራት መኪና ላይ ልትጨምርበት ነው? ደግሞ ማደያ የሌለው ነዳጅ ላይ ቲዩን (የሞተሩ ኮምፒውተር ማስተካከያ) አይሠራም። ዛሬ በፋርማሲ አልኮል፣ ነገ በአረቄ ልትነዳ ነው እንዴ?

ባለ ባጃጁ፦

አረቄው ለሹፌሩ ይሻላል።

ከዚራ ቱርቦ፦

ጋሼ፣ እንዳልከኝ አድርጌ መጣሁ። ቡስቱ 0.7 ላይ ነው። ከግማሽ በላይ ነዳጅ ይዤ ነው የወጣሁት፣ ጌጁን ወንድሜ አነበበልኝ።

ቆማ ቀጭኗ ጎማ ስትነቀል 3.0 ነው፣ ልክ ነው። ዳገቱ ላይ 3.6 ነካና 5000 ሲደርስ 2.9 ሆነ። ወንድሜ ጮኸ፣ እግሬን አነሳሁ። ቮልቱ ባትሪው ላይ 13.9፣ ፓምፑ ላይ 11.4።

ፊልትሮውን ስናወጣ እንዳንተው ታሪክ ባይሆንም የመጀመሪያው ቤንዚን ጠቁሮ ወጣ። አዲስ ከተገጠመ በኋላ 3.3 ላይ መቆም ጀመረ። ከዚያ ኤሌክትሪሺያን ጋ ወስጄ በሪሌ ቀጥታ ከባትሪ ሽቦ አስጎተትኩ። አሁን ፓምፑ ላይ 13.6 ነው፤ ግፊቱም 3.7 ላይ ቆሞ እስከ 6000 ይሄዳል! ዋይድባንዱ 11.4። መንገጫገጩ ጠፋ። አይሱዙውን ፍለጋ ልወጣ ነበር።

በላፕቶፕ ሎግም አድርጌያለሁ፣ የሞተሩን ቁጥሮች መዝግቤ። 6000 ላይ የኢንጀክተሩ መከፈቻ 15.5 ሚሊሰከንድ ይላል። ምን ማለት ነው? አሁን ወደ 1.1 ልመልሳት እችላለሁ?

ሰርባቶዮ፦

ጎበዝ! እንዲህ ነው ልኬት። አየህ፣ ዱባይ ሳይላክ ጉዳይህ ተጋመሰ።

አይሱዙውን ተወው። ወደ 1.1 አትመልሳት፤ ለምን እንደሆነ በሎግህ ላሳይህ።

ሚሊሰከንዱን በአርፒኤም አባዛና ለ1200 አካፍል። 15.5 በ6000፣ ሲካፈል ለ1200፤ 77.5 ይመጣል። ኢንጀክተርህ ካለው ጊዜ 77 በመቶውን ተከፍቶ ነው የሚውለው ማለት ነው። አሁን 0.7 ላይ ነህ። የድሬ አየር ራሱ 0.88 ባር አካባቢ ነው፤ ድምሩ 1.58። ወደ 1.1 ስትወጣ 1.98 ይሆናል። አየሩ በሩብ ጨመረ፣ ነዳጁም በሩብ መጨመር አለበት። 77.5 ላይ ሩቡን ጨምርበት፤ 97 ገደማ። ኢንጀክተር እስከ 85 ድረስ ነው የሚታመነው። 97 ላይ መዝጊያ ጊዜ የለውም፤ ትንሽ ሙቀት ወይ ትንሽ የቮልት መውረድ ሲጨመርበት ያ 13 ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ችግርህ ፊልትሮና ሽቦ ነበር፤ ተፈታ። ሁለተኛው ኢንጀክተር ነው። ፓምፑ ደግሞ አሁን ቢይዝም ከሃያ ዓመት በላይ አገልግሏል፣ 4.1 ባር ላይ አልሸከመውም። ሁለቱም ይቀየራሉ፤ ግን ጓደኛህ ያገኘልህ መጠን አይሆንህም።

ለ300 ፈረስ ስንት ያስፈልግሃል? ቱርቦ የቤንዚን ሞተር ለአንድ ፈረስ በሰዓት 0.6 ፓውንድ ያህል ነዳጅ ይበላል ብለህ ተነሳ። 180 ፓውንድ። ለአራት ኢንጀክተር አካፍለው፣ 45። እሱን ለ0.85 አካፍለው፣ 53። አንድ ፓውንድ በሰዓት ማለት በደቂቃ 10.5 ሲሲ ነው፤ ስለዚህ 556 ሲሲ አካባቢ። የአንተ ኢንጀክተር 420 ምናምን ነው። ልቤ የሚለው 740 ሲሲውን ነው። ቦታ ይተውልሃል፣ አይድልም አያስቸግርህም። 1000 ቢሆን ይሠራል፤ ጥሩው ከሆነ አይድል ላይም ጸጥ ይላል። ርካሹ 1000 ግን ሰፈር ውስጥ ቤንዚን እያሸተተ የሚዞር መኪና ነው የሚያደርግልህ። ስትገዛ ነዳጁ ከላይ የሚገባለት ይሁን ከጎን የአንተን ነቅለህ አረጋግጥ። ስባሩ ሁለቱንም ሠርቷል፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ከኢንጀክተሩ ጋር በየቮልቱ ለመከፈት የሚዘገይበትን ጊዜ የሚያሳይ ሰንጠረዥ የማይሰጥህ ሻጭ ከሆነ ይቅርብህ። ያ ቁጥር ከሌለ ቲዩን የሚያደርገው ሰው በግምት ነው የሚሠራው።

ፓምፑን በተመለከተ፣ ያ 180 ፓውንድ በሰዓት 110 ሊትር ገደማ ነው። 255 የሚሉት ፓምፕ በ4.1 ባር ላይ እንኳ 200 አካባቢ ይሰጣል። በቂ ብቻ አይደለም፣ ይተርፍሃል። 450ው ምን ያደርግልሃል? እዚህ ጋ የድሬ ነገር ይመጣል። ይቺ መኪና ያልተጠቀመችበትን ነዳጅ ሞተሩ ጋ አሙቃ ወደ ሰርባቶዮ ትመልሳለች። ፓምፑ በተለቀ ቁጥር የሚዞረው ነዳጅ ይበዛል፣ ሰርባቶዮው ይሞቃል። ሰኔ ላይ፣ ከላይ ጸሐይ፣ ከስር አስፋልት፣ ከውስጥ የጋለ ቤንዚን። ሩብ ላይ ስትደርስ ፓምፑ ከነዳጅ ይልቅ ተን መሳብ ይጀምራል። ሬጉሌተርህም ያን ያህል ነዳጅ መመለስ ስለሚያቅተው አይድል ላይ 3 መሆን ያለበት ግፊት ወደ ላይ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላለ ሰው ምናልባት አልከራከርም ነበር። እዚህ ግን 450 ለ300 ፈረስ ራስን ማስቸገር ነው።

ሪሌውን ኤሌክትሪሺያኑ ከየት ነው የቀሰቀሰው? ይህን አጣራልኝ። ከቁልፉ ከሆነ አስቀይረው። ከመኪናው ከራሷ የፓምፕ ሪሌ መሆን አለበት። መኪናዋ ብትጋጭና ሞተሩ ቢጠፋ ኮምፒውተሩ ፓምፑን ማቆም አለበት፤ ከቁልፍ ከወሰድከው ፓምፑ ሜዳ ላይ ቤንዚን ሲረጭ ይኖራል። ከዚያች መቆጣጠሪያ ሳጥን መውጫም መውሰድ አይሆንም። እሷ የምትልከው እየተቆራረጠ ስለሆነ ሪሌው ሲንጣጣ ያድራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቲዩን። ኢንጀክተር ቀይረህ የድሮው ማፕ (ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የነዳጅ ቅንብር) ላይ እንዳታስነሳ፤ ሞተሩ በቤንዚን ይታፈናል። የአንተን ኮምፒውተር በታክትሪክስ ገመድ ማንበብና መጻፍ ይቻላል። ሎግ እየላክህ ውጭ አገር ያለ ሰው ሊሠራልህ ይችላል። ግን የአሜሪካ ማፕ አውርደህ «91 ኦክቴን ይላል፣ የእኛም እዚያው ነው» እንዳትል። እነሱ ማደያ ላይ የሚጽፉት የሁለት መለኪያ አማካይ ነው፤ የእነሱ 91 በሌላው ዓለም አቆጣጠር 95፣ 96 ነው። እኛ ማደያ ላይ ደግሞ ያለው አንድ ቤንዚን ነው፣ ሱፐር ብለህ የምትመርጠው የለም። ለሚሠራልህ ሰው ይህን በግልጽ ንገረው፤ የማቀጣጠያውን ጊዜ ዘግየት አድርጎ ይጀምር። 300ው 280 ቢሆንብህ አትዘን። ጉልበቱ በሚቃጠለው ነዳጅ ጥራት ልክ ነው።

ድሬዋ ከዴራ፦

ወይ የአገሬ ልጆች፣ ዱባይ ሆኜ እያነበብኩ ሳቄን ለቀቅኩት። ዕቃውን በሚመለከት ትንሽ ልርዳ። ወንድሜ እዚህ የመኪና ዕቃ ሥራ ላይ ነው፣ እኔም ሒሳቡን እሠራለታለሁ።

የ255 ፓምፕ ፎርጅዱ በጣም ብዙ ነው። ሳጥኑ፣ ስቲከሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ዋጋው ከሌላው ቦታ ግማሽ ከሆነ አትጠይቅ፣ እለፈው። ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ውስጥ ያገለገለ ሞተርና ማርሽ ሳጥን መፈለግ ጥሩ ነው፤ ያገለገለ ፓምፕ ግን እባክህ አትግዛ። ኢንጀክተርም ካገለገለ አራቱም ተለክተው ወረቀት ያለው መሆን አለበት። ዲችወርክስም ኢንጀክተር ዳይናሚክስም የሚባሉት ኩባንያዎች አራቱን አመሳስለው፣ ከነቁጥሩ ነው የሚሸጡት። አንዱ ኢንጀክተር ከሌሎቹ ካነሰ ዋይድባንዱ የአራቱን አማካይ ስለሚያይ አይነግርህም።

ደግሞ ጓደኛህ ፓምፑን ሲልክ የውስጡን ጎማ አብሮ ይላክ። እዚያ ሰፈር እንደማታገኘው እወራረዳለሁ።

ከዚራ ቱርቦ፦

እህቴ አመሰግናለሁ! የውስጡ ጎማ ምኑ ይለያል? ቤቴ የቤንዚን ጎማ አለኝ እኮ፣ አዲስ ነው።

ሰርባቶዮ፦

ልጅቷ ወርቅ ነገር ነው የነገረችህ። ያንተ የቤንዚን ጎማ ነዳጅ በውስጡ እንዲያልፍ የተሠራ ነው። በቤንዚን ውስጥ ተነክሮ እንዲኖር አልተሠራም፤ የውጭ ሽፋኑ ነዳጅ አይችልም። ሰርባቶዮ ውስጥ ካስገባኸው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ፓምፑ ይዞራል፣ ነዳጁ እዚያው ሰርባቶዮ ውስጥ ይፈሳል፣ ግፊት ይጠፋል፤ አንተ ደግሞ አዲሱን ፓምፕ ትሰድባለህ። ጎማው ላይ 30አር10 የሚል ጽሑፍ መኖር አለበት። ፋሸታውም ጎማ የሚቆርጠው ባለ ጥርሱ ሳይሆን ለኢንጀክሽን የሚሆነው ለስላሳው ይሁን።

ከገጠምክ በኋላ ወዲያው አታስነሳ። ቁልፉን ደጋግመህ ክፈትና ዝጋ፤ ፓምፑ መስመሩን ይሙላው። ከዚያ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ሶፍት ነካካ፣ በተለይ የኢንጀክተሮቹን ላስቲክ ዙሪያ። ሶፍቱ ከረጠበ ወይ ከሸተተ ፈተህ እንደገና ግጠም። እሳት ማጥፊያ አጠገብህ ይኑር። ሲጋራ የያዘ ጓደኛ ደግሞ ማዶ ሆኖ ይመልከት።

ከዚራ ቱርቦ፦

ገባኝ። 255 እና 740 ብዬ ለጓደኛዬ ጽፌለታለሁ፣ ጎማውንም ጨምሬ። የሪሌውን አየሁት፤ ከቁልፉ ነው የወሰደው፣ ነገ ይቀይረዋል። ዕቃው እስኪመጣ 0.7 ላይ እነዳታለሁ። ሲደርስ ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዥህ ብመጣ ይመችሃል?

ሰርባቶዮ፦

ከሰዓት? በዚህ ሙቀት ሰርባቶዮ አልከፍትም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ና፣ ሳቢያን ነኝ። ነዳጅ ሳትሞላ ና፤ ከሩብ በታች ይሁን።